ስንዝር የሚነሳው የእቴ መንበረ ጋራዥ በር

ወላሂ ብዬ ልጀምር።

ወላሂ ያልበቃው ሰው ካለ ሌላ ቻናል ይፈልግ። በሩ ክፍት ነው፣ ይዤ የማስቀረው የለም።

ይህ የሆነው በራሴ ላይ ነው። መስከረም 19 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ።

የሌሊት እንዳይመስላችሁ... የቀን።

«ጂን በጠራራ ፀሐይ አይመጣም» የሚል አዋቂ አይጠፋም። እኔም እንደዛ ስል ኖሬያለሁ። ደግሞ ጂን ነው አላልኩም። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን አብሮኝ የቀረው ፍርሃቱ አይደለም። ፍርሃት ቀስ እያለ ይለቃል። ያልለቀቀኝ ሌላው ነው።

ዙሌይካ እባላለሁ። የብረት በር እሠራለሁ።

ማንም አላስተማረኝም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ የአንድ ሱቅ በር፣ ያ ወደ ላይ እንደ ሰሌን የሚጠቀለለው፣ ተበላሽቶ ተጥሎ አገኘሁ። ፈታሁት። ገጠምኩት። መልሼ ፈታሁት። በሦስተኛው ወር በያጆቹ ያልገባቸው ነገር ገብቶኝ ነበር።

«ሴት ልጅ በር ትከፍታለች እንጂ በር ትሠራለች እንዴ?» አለኝ አንዱ በያጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«እኔ የሠራሁት ይከፈታል» አልኩት። «አንተ የሠራኸውን ግን ባለቤቱ በመስኮት ነው የሚገባው።»

ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አንድ ወንድም አለኝ። ሀሚድ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ አምስት። አባት የሚባል ነገር አናውቅም። ከሰው ግቢ እንጨት እየፈለጠ፣ ጆንያ እየተሸከመ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ሱቅ ስከፍት ደግሞ ብየዳውንም ቆረጣውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አብረን እንሠራ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ልምጣ።

ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ፊት ለፊት የሚታይበት ግቢ አለ። የጋሽ ገብረ ክርስቶስና የእቴ መንበረ ቤት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው። አንድ አሮጌ ቮልስ አላቸው፣ ከሚነዱት ይልቅ የሚወለውሉት ይበልጣል። ለእሱ ብለው ከቤቱ ጋር አያይዘው ጋራዥ ሠሩ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።

እቴ መንበረ ለእኔ ማን እንደሆኑ በአንድ ነገር ልንገራችሁ። እናታችን የሞተች ለታ ከሁሉ ቀድመው ከፈን ይዘው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሀሚድንና እኔን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ዋሉ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ለማርያም ንግሥ ግሸን ይሄዳሉ። ቁልፉ እኛ ጋ ይቀራል። እኛ ደግሞ ለመውሊድ ስንወጣ ቁልፋችን እነሱ ጋ ነው። ሲሆን የኖረ ነው።

የዚያን ዓመት ሰኞ ማለዳ ተነሱ። አውቶብሱ እስኪመጣ አስፋልት ዳር አብሬያቸው ቆምኩ።

«ዙሌዬ፣ እንግዲህ አማና ነው» አሉኝ እቴ መንበረ። ከእኛ ጋር ሲሆኑ አደራ አይሉም፣ አማና ነው የሚሉት።

«አንቱ ብቻ በሰላም ደርሰው ይመለሱ። ቤቱ ዐይኔ ላይ ነው።»

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «ቤቱን ተይው፣ ቮልሴን ጠብቂ። ቤት ማን ይነዳል?»

«ቮልስዎንስ ማን ይነዳዋል ጋሼ? ገፍቶ የሚወስድ ሌባ ከተገኘ እኔም ከኋላ እገፋለሁ።»

ሳቁ። ሻንጣ ሊጭኑ ሄዱ።

እቴ መንበረ ያን ጊዜ ክንዴን ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በሩን እዪልኝ...»

«የትኛውን? የጋራዡን?»

«ጠዋት ጠዋት... ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እናገኘዋለን።»

«ሳይቆለፍ አድሮ ነዋ።»

«እኔው ነኝ ልጄ የምቆልፈው። በእጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ ወዲህ። ለእሳቸው አልነገርኩም፣ ይስቁብኛል።»

አውቶብሱ መጣ። ተሳፈሩ። እጃቸውን በመስኮት እያውለበለቡ ሄዱ።

ለነገሩ ብዙም አላስጨነቀኝም። ሞላው ከልክ በላይ ተወጥሯል አልኩ።

ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ይህችን ስሙኝ፣ በነፃ ናት። ተጠቅላይ በር ውስጥ ክብደቱን የሚሸከም ሞላ አለ። በሩን እስከ ግማሽ አንሱትና ልቀቁት። ባለበት ከቆመ ጤነኛ ነው። ከወደቀ ሞላው ሞቷል፣ ከሥሩ እንዳትቆሙ፣ ሰው ይገድላል። ወደ ላይ ከሄደ ደግሞ ሞላው ጠብቋል። በየስድስት ወሩ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በሩ የሚንሸራተትበትን ሀዲድ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ከውስጥ መክፈቻ እጀታ ይኑረው። በር የተዘጋበት ሰው መውጫ ይፈልጋል።

የእቴ መንበረ በር እጀታ ነበረው። በእጄ ነው የበየድኩት።

ለማንኛውም፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ሀሚድን ብቻውን ልኬው ነበር። ዘይት ቀብተህ ና ብዬ። እኔ ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። ሲመለስ «ሰላም ነው፣ ምንም የለበትም» አለኝ።

ምንም የለበትም።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ መሣሪያ ሣጥኔን ይዤ ሄድኩ። ከተማው ጭር ብሏል። ግማሹ ግሸን ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ የእህል ወፍጮው እንኳ ዝም ብሏል።

የግቢውን በር ከፍቼ ገባሁ።

የጋራዡ በር... ከመሬት ከፍ ብሏል።

ዝቅ ብዬ በእጄ ለካሁት። አንድ ስንዝር። ማክሰኞ ማታ ግን ቆልፌው ነው የሄድኩት።

እስከ ግማሽ አነሳሁት። ለቀቅሁት።

ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም።

ሞላው ጤነኛ ነው። ጤነኛ በር ደግሞ ብቻውን አይነሳም።

ሙሉ በሙሉ ገፍቼ ከፈትኩትና ገባሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ዘይት። ሀዲዱን በጣቴ ነካሁት፣ ጥቁር። እኔ ለሀሚድ የሰጠሁት የስፌት መኪና ዘይት ነው። ቆይ ያገኛታል፣ አልኩ በሆዴ።

ቀጥሎ ያየሁት ወለሉን ነው።

አቧራው ላይ የጫማ ዱካ አለ። ከቮልሱ ጎን ተነስቶ ከቤቱ ጋር ወደሚያገናኘው ግድግዳ ይሄዳል። ግድግዳው ጋ ያልቃል። መመለሻ የለውም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የግራ ተረከዙ ላይ ጎደሎ አለ። የብየዳ ፍም ያቃጠለው የሚመስል ጎደሎ።

ቀስ ብዬ የራሴን ግራ እግር አነሳሁ...

ተረከዜን አየሁት።

ያው ጎደሎ።

እኔ ወደዚያ ጋራዥ ከፋሲካ ወዲህ ገብቼ አላውቅም።

ከኋላዬ ጓ! አለ።

ጨለማ።

በሩ ወርዷል። ወዲያው ከውጭ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ቀጭ... ቀጭ።

አልጮህኩም። እኔ የሠራሁት በር ነው፣ ምን ያስጮኸኛል? በዳበሳ ሄጄ እጀታውን ፈለግሁ።

የለም።

ስገባ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። የራሴን ሥራ አልፈትሽም፣ እንደዚያ ነኝ። አሁን እጄ ያገኘው ጉቶ ብቻ ነው። ተቆርጧል።

አውራ ጣቴን ቁርጡ ላይ አሳረፍኩ።

ግራይንደር፣ ያን የሚሽከረከር ብረት መቁረጫ፣ ይዛችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ሲቆርጥ ዱካ አለው። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ያወዛውዛል። ይህ ቁርጥ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይዘቀዝቃል። መጨረሻው ላይ ጥርስ ትቶ ይቆማል። ግራኝ ሰው ነው የቆረጠው። ዲስኩን ቀጥ አድርገህ ያዝ ብዬ ሺህ ጊዜ የነገርኩት ግራኝ።

እጄን አነሳሁ።

መልሼ ዳሰስኩት።

ሌላ ሰው እንዲሆን ፈለግሁ። ሌባ። ሰይጣን። ማንም ይሁን።

«ሀሚድ...» አልኩ በሹክሹክታ።

ጆሮዬን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ሀሚድ፣ እዛ እንደቆምክ አውቃለሁ።»

ከበሩ ማዶ ትንፋሽ ሰማሁ።

«ዙሌ... አትጩሂ።»

ልቤ እዚያው ላይ ነው የተሰበረው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በተሰበረ ልብ ነው የሆነው።

«ክፈት» አልኩት።

«ማታ መጥቼ እከፍትልሻለሁ። በሩ ተበላሽቶ ነው የተዘጋብሽ። ሲጠይቁሽ እንደዛ በይ።»

«የእኔ በር ተበላሽቶ?»

ሳቄ መጣ... በዚያ ሰዓት።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «ቁልፉ አንቺ ጋ ነበር። ተዘግቶብሽ ከተገኘሽ ማንም አይጠረጥርሽም።»

«የቤቱን ቁልፍ ከየት አመጣህ?»

«ማክሰኞ... ከምሳ በኋላ ተኝተሽ ሳለ ወስጄ አስቀረጽኩት።»

«ሀሚድ፣ የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ? ለእማዬ ከፈን ያመጡት ሴትዮ ቤት ነው። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። ጅዳ ከገባሁ ሁሉንም እመልሳለሁ። ደላላው አርብ ነው የሚነሳው፣ ሌላ ዕድል የለኝም ዙሌ።»

«እዚሁ ምን ጎደለህ?»

ይህን ስል በሩን በመዳፉ መታው። ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ።

«እዚህ ከተማ ስሜ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የዙሌይካ ብረት ተሸካሚ። ማን እንዳወጣልኝ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ሰው ፊት፣ ለሳቅ ብዬ።

የእግሩ ኮቴ ራቀ።

ጋራዡና ቤቱ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ከፍ ብሎ አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለች፣ ወደ ኮሪደሩ የምታሳይ። በእሷ በኩል ሁሉ ነገር ይሰማል። የቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ሲገባ ሰማሁ። ቁም ሣጥን ተከፈተ። መሳቢያ ተሳበ።

እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቮልሱን ተደግፌ የወንድሜን ስርቆት አዳመጥኩ።

ከዚያ... ሌላ ኮቴ ሰማሁ።

የእሱ ፈጣን ነው። ይህኛው ቀርፋፋ። ከባድ ጫማ።

መሳቢያው ቆመ።

«ዙሌ...» አለ በቀዳዳዋ። ድምፁ ተቀይሯል።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«እንዴት ወጣሽ?»

«ማን ወጣ?»

«አትቀልጂ... አሁን በኮሪደሩ አለፍሽ እኮ።»

«ሀሚድ፣ ቆልፈህብኝ የት እሄዳለሁ? ጋራዡ ውስጥ ነኝ።»

አንድ እርምጃ ወደ ቀዳዳዋ ሲጠጋ ሰማሁ።

«ታዲያ... ይቺ ማናት?»

«ምን ታደርጋለች?»

«ጀርባዋን ነው የማየው... ቱታሽን ለብሳለች... የጓዳውን በር እየዘጋች ነው...»

ቀጭ፣ ሲል እኔም ሰማሁት።

«አሁን የመኝታ ቤቱን...»

ቀጭ።

«ወደ ሳሎን ሄደች... ዙሌ፣ አረማመዷ የአንቺ ነው።»

«ውጣ!» አልኩት። «ሀሚድ ውጣ፣ ሩጥ!»

ሲሮጥ ሰማሁት። ወንበር ወደቀ። ወደ ግቢ የሚያወጣው የሳሎኑ በር ጓ ብሎ ተዘጋ። ግን እሱ ከመድረሱ በፊት ነው የተዘጋው። ከውስጥ በሁለት እጁ ሲደበድበው ሰማሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ መቼም አልረሳውም። የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ሲረጭ እንደሚለው... ጨ... ጨ... ጨጨጨጨ...

ብየዳ ነው።

በጋራዡ በር ጥግ በኩል ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ አለ። ጠፋ። ብልጭ አለ።

እጄን ልኬ የጋራዡን ማብሪያ ተጫንኩ። አምፖሉ አልበራም። መብራት የለም። ከተማው በሙሉ መብራት የለም።

«ዙሌ!» ይጮኻል ወንድሜ። «አትበይጂው! በአላህ ዙሌ፣ አትበይጂብኝ!»

እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ድምፁ ቆመ።

ከዚያ በዝግታ... ከውጭ የተቆለፈው የጋራዥ በር መነሳት ጀመረ።

መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን። ከዚያ ጣት። ከዚያ ስንዝር። ጉልበት ድረስ ከፍ አለና ቆመ።

ማንም እግር አይታይም።

ያልተደገፈ በር ሥር አይገባም ብዬ ሰው የማስጠነቅቅ ሴት ነኝ። የቮልሱን ማንሻ ክሪክ ፈልጌ ከሥሩ አቆምኩ። ሣጥኔን አስቀድሜ ገፋሁ። ቢስሚላህ ብዬ በሆዴ ተሳብኩ።

ግቢው ባዶ ነው። ፀሐይ። ዝምታ። ሐይቁ ያብረቀርቃል።

የሳሎኑ በር ብረት ነው። ቁልፌን ከትቼ አዞርኩ። ዞረ። በሩ ግን አልተነቃነቀም።

ቀና ብዬ አየሁ።

ከላይ እስከ ታች፣ በሩና መቃኑ የሚገናኙበት ላይ፣ አንድ ወጥ የብየዳ መስመር ወርዷል። እንደ ዓሣ አከርካሪ የተደረደረ፣ እኩል፣ ንጹሕ። ገና ይጨሳል። ደፉ ሥር ቁራጭ የብየዳ ኤሌክትሮድ ወድቋል፣ ጫፉ ቀይ ነው።

ማሽን የለም። ገመድ የለም።

በሐይቅ እንደዚያ አድርጎ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሀሚድ ከጎን ባለው መስኮት ብረቱን ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሲያየኝ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትምጪ!»

«እኔ ነኝ።»

«እሷም እንደዛ ነው ያለችው።»

«ሌላስ ምን አለችህ?»

«በመስኮቱ በኩል የብየዳ ጭንብሉን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። የአንቺ ፊት ነው። 'አማና ነው' አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።»

እውነቱን ልናገር ብዬ የለ? ለአንድ አፍታ ልተወው አሰብኩ። እዚያው እንደተበየደ ትቼው ልሄድ። ቅዳሜ ሲመለሱ እቴ መንበረ ራሳቸው ያግኙት። እኔን ጨለማ ውስጥ ቆልፎኛል። ቁልፌን ከትራሴ ሥር ሲወስድ እንቅልፌን አይቷል። የተኛሁበትን ፊት አይቶ ነው የወሰደው።

ሦስት እርምጃ ሄድኩ።

«ዙሌ...» አለ። አልጮኸም። በልጅነቴ ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሰኝ በነበረው ድምፅ።

ተመለስኩ። መብራት ስለሌለ ግራይንደር የለም። የብረት መጋዝ ከሣጥኔ አወጣሁና ከላይ ጀመርኩ።

እስከ አሥር ሰዓት ቆረጥኩ። መዳፌ ደማ። የራሴን ብየዳ መቁረጥ እንደዚያ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

መሐል ላይ ጠየቅሁት።

«ከፍልሰታ ጀምሮ በሩን ስንዝር ስንዝር የምታነሳው ለምንድነው?»

«የትኛውን በር?»

«የጋራዡን። ጠዋት ጠዋት።»

«እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው እዚህ የመጣሁት። ሐሙስ። እጀታውን የቆረጥኩ ዕለት። ከዚያ ዛሬ።»

መጋዙን አቆምኩ።

«በፍልሰታ እኔ መች አሰብኩት?» አለ። «ደላላውን ያገኘሁት ጳጉሜ ላይ ነው።»

መቁረጤን ቀጠልኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

በሩ ሲከፈት ባዶ እጁን ወጣ። ገብቼ አየሁ። መሳቢያው ተዘግቷል። ቁም ሣጥኑ ተዘግቷል። የወደቀው ወንበር ቆሟል። «አንተ ነህ የመለስከው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱ አይደለም።

እጁን ዘርግቶ የደማውን መዳፌን ነካው።

«ይሞቃል» አለ። ለራሱ ነው ያለው፣ እሷ አለመሆኔን ሲያረጋግጥ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሊይዝ ሞከረ። «አውፍ በይኝ እህቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ወደ ኋላ ራቅሁ። አውፍ አላልኩትም። ስድብም አልሰደብኩትም። ምላሴ እሾህ ነው እያሉ የሚያሙኝ ያን ጊዜ ቢያዩኝ ደስ ባላቸው። መጋዙን ወደ ሣጥኔ መለስኩ።

ተነስቶ ወጣ።

ቅዳሜ እቴ መንበረ ከግሸን ተመለሱ። ጠበልና እምነት ይዘውልኛል። ሳይቀመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሀሚድን ስም ሳልደብቅ። አማና ላይ ወንድም የለም። ጋሼ አልሳቁም። እቴ መንበረ በመቃኑ ላይ የቀረውን የብየዳ ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱ። ከላይ እስከ ታች።

«እና ልጄ...» አሉኝ። «ቤቴን ማን ጠበቀልኝ?»

«እኔ እንጃ» አልኳቸው።

ለእሳቸው ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሀሚድ ሲወጣ የግቢውን በር ክፍት ትቶት ነበር። ልዘጋው ተከትዬ ሄድኩ። ደፉ ላይ ደርሼ ወደ መንገዱ አየሁ።

አሥር ሰዓት ነው። ፀሐይ ፍንትው ብላለች። ወደ አስፋልቱ እየሄደ ነው። ግራ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ዝቅ ብሎ።

አንዲት ትንሽ ልጅ ይዟል።

ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እናታችን ስትሞት እኔ እንደነበርኩት። ቁመቷ ከወገቡ አይበልጥም። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች። በጣም ሰፍቷታል፣ የቱታው እግር መንገዱን ይጠርጋል፣ የአንድ እጇ እጅጌ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ክርኑ ላይ የተቃጠለች ቀዳዳ ከሩቅ ትታያለች።

ዝቅ ብዬ ራሴን አየሁ። ቱታዬ ላዬ ላይ ነው። ቀዳዳዋም አለች።

እሱ ያውቃት አያውቃት እንጃ። ጎንበስ እያለ የሆነ ነገር ይነግራታል። እንድትደርስበት እርምጃውን ያሳጥራል።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ዞረች።

አየችኝ። ከዚያ በነፃ እጇ፣ ረጅሙን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ፣ በሩን እንድዘጋው ምልክት ሰጠችኝ።